የአባቴን ኮምፒውተር ልሰካው ወይስ ልተወው?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ አባታችን መምህር ነበር። በ1987 ዓ.ም. ኮምፒውተር ገዛ። ፊቱ ላይ 486 የሚል ተለጥፎበታል። ከየገጠሩ ከሽማግሌዎች የሰበሰበውን መንዙማ ማታ ማታ ይተይብበት ነበር። አባታችን አኼራ ከሄደ 12 ዓመት ሆነው። ኮምፒውተሩ ግን ከዚያም በፊት ጀምሮ ዕቃ ቤት ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ 20 ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። በ2014 ቤታችን ሲዘረፍ ቴሌቪዥኑም ላፕቶፑም ሄደ። እሱን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። አሁን ወንድሜ ‹ሰክተን እንየው› ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። እኔ ፈራሁ። ብንሰካው ምን ይሆናል? መንዙማውስ ይገኝ ይሆን? ስድስት ፍሎፒና አንድ ካርቶን ካሴትም አብሮ አለ።»

አብሽሪ እህቴ። ፍርሃትሽ ግን ልክ ነው። ወንድምሽ እጁን ከሶኬቱ ያንሳ።

እኔ ኮምቦልቻ ላይ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን እንጀራዬ ሞባይል ነው። እሁድ እሁድ ግን ሱቁን ከውስጥ እዘጋና አሮጌ ኮምፒውተር እፈታለሁ። ባለቤቴ «ሬሳ ማስታመም» ትለዋለች። ገንዘብ አይገኝበትም፤ እንዲያውም ይወጣበታል። ያንቺ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ግን ደስ ይለኛል።

እዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ማሽኑ ነው። ሌላው ዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ማሽኑ ቢቃጠል አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ወርዶ ሌላ አሮጌ መፈለግ ይቻላል። አባትሽ የተየበው ግን የትም አይሸጥም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርሽን ሁሉ «ይህ ዲስኩን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» ብለሽ እየጠየቅሽ አንብቢው። እኔ ይህ የገባኝ ካጠፋሁ በኋላ ነው።

የዛሬ 15 ዓመት ገደማ የአንድ ዕድር ጸሐፊ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ይዘውልኝ መጡ። «አልነሣ አለ» አሉኝ። ሳስነሳው «ሃርድ ዲስክ የለም» ይላል። ያኔ ደግሞ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ዲስኩ ደህና ነበር። የማሽኑ ባትሪ ስለሞተ የዲስኩን ልክ ረስቶት ነው። እኔ ልኩን በግምት ሞላሁለት። ግምቴ ተሳሳተ፤ ዲስኩ ባዶ መስሎ ታየ። ባዶ ከሆነማ ብዬ ፎርማት አደረግኩት። የስድስት ዓመት የዕድር መዝገብ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ድንኳኑ ማን ዘንድ አደረ፣ ሁሉም ድራሹ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጸሐፊው ጋር ተቀምጬ ከደረሰኝ ጉርድ ላይ መልሼ ተየብኩት። ያልከፈሉት ሁሉ «እኛ ከፍለናል፣ መዝገቡን ያጠፋው እሱ ነው» አሉ። እስከ ዛሬ እዚያ ዕድር ውስጥ ስሜ «ፎርማት» ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ለምን አይሰካም?

ኤሌክትሮኒክስ 20 ዓመት ሲቀመጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ውስጥ ለውስጥ የሚያፈስ አለ፣ የሚደርቅ አለ፣ እርጥበት የሚጠጣ አለ። የደሴን ክረምት ታውቂዋለሽ። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ይገባል። ብርድ ልብሱ ደግሞ አቧራውን ቢከላከልም እርጥበቱን አቅፎ ነው የሚከርመው።

ስለዚህ መጀመሪያ መክፈት ነው። የመብራት ገመዱን ጨርሳችሁ ንቀሉት፤ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም። ሳጥኑን ከኋላ የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፍቱና ቡና ሲኒ ውስጥ አጠራቅሟቸው። ሽፋኑ ወደ ኋላ ተስቦ ይነሳል። የዚያ ዘመን ቆርቆሮ ጠርዙ ስለት ነው፤ ስንቴ ጣቴን እንደከፈተኝ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት ሁልጊዜ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። «አስታውሰዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። ማንም አያስታውስም።

ከፍታችሁ ስታዩ ዓሣ ዓሣ ከሸተታችሁ ከሐይቅ የመጣ አይደለም። ካፓሲተር የሚባሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወጥቶ ነው። የት እንደሆነ በእጅ ባትሪ ፈልጉና ፎቶ አንሱ። አትንኩት።

አሁን ዋናው ጠላት። ማዘርቦርዱ ላይ፣ ማለትም ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ትልቁ ቦርድ ላይ፣ ኪቦርድ የሚሰካበት ቀዳዳ አካባቢ፣ ትንሽ በርሜል የምትመስል ነገር ፈልጊ። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ልባስ አላት። ርዝመቷ ከአውራ ጣት አንጓ ብዙም አይበልጥም። 3.6 ቮልት ይላታል፤ ብዙ ጊዜ ቫርታ የሚል ይጻፍባታል። ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ናት። ሥራዋ ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓቱንና የዲስኩን ልክ ማስታወስ ነበር። ስታረጅ ታፈሳለች። የምታፈሰው ፈሳሽ መዳቡን ይበላል። ሬዲዮ ውስጥ ተረስቶ የቆየ ባትሪ ድንጋይ ቤቱን ሲበላው አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? እሱን በቦርድ ላይ አስቢው። ከፀጉር በማይወፍሩ መስመሮች ላይ!

ባትሪዋ ዙሪያ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሻጋታ መሳይ ነገር ካለ በልታለች ማለት ነው። ንጹሕ ከሆነም አትመኛት። ጓንት አድርጊና ሁለቱን እግሮቿን በትንሽ መቁረጫ ፒንሳ ቁረጪ። አትጎትቻት፤ ከጎተትሻት ከቦርዱ ላይ መስመር ይዛ ትነሳለች። ማሽኑ ያለሷም ይነሳል። የሚረሳው ሰዓቱንና ልኩን ብቻ ነው። በሷ ፋንታ ዳላስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጥቁር ድፍን ዕቃ ካገኘሽ ዕድለኛ ነሽ። የሱ ባትሪ ውስጡ ስለታሸገ ቢሞትም አያፈስም። እሱን ተይው።

ካፈሰሰች ማጽዳት አለ። ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ የሚያመክነው አሲድ ነው። ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ለሰላጣ የምታደርጊው አቼቶ ይበቃል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነክረሽ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ ቀባ ቀባ አድርጊ። ትንሽ ሲንጫጫ ትሰሚያለሽ፤ አረፋም ያወጣል። ሥራውን እየሠራ ነው። ሲያቆም በዲስቲልድ ውሃ እጠቢው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ትቶ ስለሚደርቅ ጥሩ አይደለም። የመኪና ባትሪ የሚሞሉ ቤቶች ዲስቲልድ ውሃ አላቸው፤ ስትጠይቂ ግን አሲዱን እንዳይሰጡሽ አስረግጠሽ ንገሪያቸው። መጨረሻ ላይ በአልኮል አልፈሽበት አድርቂው። ከፋርማሲ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ 70 በመቶው ይሠራል፤ ውሃ ስላለበት ማድረቂያ ጊዜ ጨምሪለት እንጂ። አረቄ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። አይሆንም። ለሌላ ነገር ይሁንልህ ብዬ ሸኘሁት።

ማድረቁ ላይ አትቸኩይ። ሁለት ቀን ነፋሻ ቦታ ይቀመጥ። አንድ ደንበኛዬ ቶሎ ይድረቅ ብሎ ከእንጀራ ምጣድ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ደረቀ፤ አብሮ ግን ተጣመመ።

ከደረቀ በኋላ የተበሉት መስመሮች ይለካሉ። ቴስተሩን ጢጥ የሚለው ቦታ ላይ አድርጎ የመስመሩን ሁለት ጫፍ መንካት ነው። ጢጥ ካለ መስመሩ አለ። ዝም ካለ ተቆርጧል። የተቆረጠውን እኔ ከድሮ ትራንስፎርመር በምፈታው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው የምቀጥለው። ሽቦው ቫርኒሽ ስላለበት ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጌ፣ ትንሽ ሊድ አስነክሼ፣ በቀጭን ካውያ እነካዋለሁ። ዓይንና ትዕግሥት የሚጨርስ ሥራ ነው። ይህን ለኔ ተይው። ወንድምሽ ካውያ ይዞ የሚያውቅ ከሆነ መጀመሪያ የተጣለ ቦርድ ላይ ይለማመድ።

ሁለተኛው ጉዳይ መብራቱ ነው። ሳጥኑን ከኋላ ተመልከቺው። ገመዱ በሚሰካበት አጠገብ ቀይ ትንሽ ማንሸራተቻ ሊኖር ይችላል። በአንድ በኩል 115፣ በሌላ በኩል 230 ይላል። የኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230ው መታየት አለበት። ከአሜሪካ በእርዳታ ወይም በዘመድ እጅ የገቡ ማሽኖች 115 ላይ እንደሆኑ ይመጣሉ። እንዲያ የሆነውን የሰካ ሰው አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ሁለተኛ የለም። ያንቺ አባት ሲሠራበት ስለነበር ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ግን ሕፃናት ቀይ ነገር ሲያዩ መነካካት ይወዳሉ፤ እይው።

የዚያ ዘመን ማሽን አንድ ሌላ ክፉ ጠባይ አለው። አሁን ያሉት ኮምፒውተሮች የፊት ማብሪያቸው ምልክት ሰጪ ብቻ ነው። የድሮዎቹ ግን ራሱ 220 ቮልቱ ነው በወፍራም ሽቦ እስከ ፊት ማብሪያው ድረስ የሚመጣው። ከፍታችሁ ስትነካኩ ተሰክቶ ከሆነ በቀጥታ መብራቱን ነው የምትይዙት። ለዚህ ነው «ንቀሉት» ያልኩሽ።

የፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም መብራቱን ለማሽኑ መጥኖ የሚሰጠውን ዕቃ፣ የብረት ሳጥን ግን አትክፈቱ። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ሲሠራ ወደ 310 ቮልት ነው የሚይዙት፤ ከተነቀለ በኋላም ቶሎ አይለቁም። ይህ የቴክኒሻን ሥራ ነው። እኔ ስከፍተው መጀመሪያ የማየው ሪፋ የሚባለውን ካፓሲተር ነው። ቢጫ፣ ግልጽ ፕላስቲክ ልባስ ያለው፣ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ሁሉም ማሽን ላይ የለም፤ በተለይ በ1980ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት በተሠሩት ላይ በብዛት ይገኛል። ውስጡ ወረቀት አለ። ልባሱ በዕድሜ ይሰነጠቅና ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል። መብራት ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ጢስ ብቻ ይሆናል። ጢሱ የሚሸት ዓይነት ነው፤ ሱቄ ውስጥ አንድ ጊዜ ፈንድቶ ጎረቤቴ ጀበናዋን ይዛ ወደ መንገድ ወጣች። የሚገርመው ማሽኑ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላም ይሠራል፤ ምክንያቱም ማጣሪያ ነው እንጂ ዋና ዕቃ አይደለም። ሲተካ ግን ለመብራት መስመር ተብሎ በተሠራ፣ ኤክስ 2 በሚባለው ዓይነት ነው የሚተካው። ያገኙትን ካፓሲተር መለጠፍ እሳት መጥራት ነው።

ከዚያ ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው እፈትነዋለሁ። ከማዘርቦርዱም ከዲስኩም ነቅዬ። የድሮው ቢጫ አምፖል ታስታውሺያለሽ? ባለ100 ዋቱን ሱቄ ውስጥ እንደ ወርቅ ደብቄ አኑሬዋለሁ። ከመብራቱ መስመር ጋር በተከታታይ አስገባዋለሁ። ስሰካው አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ ጉዳቱን ግን አምፖሉ ተሸከመልኝ ማለት ነው። ብዙዎቹ ባዶ ሆነው አይነሱም፤ ጭነት ይፈልጋሉ። ለዚህ የመኪና ስቶፕ መብራት አምፖል እጠቀማለሁ፤ የጭነት መኪና በማይጠፋባት ኮምቦልቻ እሱ አይቸግርም። ከተነሳ በኋላ በቴስተር እለካለሁ። ቀዩ ሽቦ 5 ቮልት፣ ቢጫው 12 ቮልት መስጠት አለበት። ቀዩ ከ4.75 በታች ወይም ከ5.25 በላይ ከሆነ ማዘርቦርዱ አጠገብ አላደርሰውም።

ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱት ሁለት መሰኪያዎች መልካቸው አንድ ነው። ገልብጦ መሰካት ይቻላል። ከገለበጥሽ ቦርዱ አለቀለት። ደንቡ «ጥቁር ከጥቁር» ነው፤ የሁለቱም ጥቁር ሽቦዎች መሃል ላይ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ይህችን ለወንድምሽ ግንባሩ ላይ ጻፊለት።

አሁን ወደ ዲስኩ። እዚህ ላይ ልረዝም ነው፤ ቡናሽን አፍዪ።

ዲስኩ ቡክሌት የሚያህል፣ ከበድ ያለ የብረት ዕቃ ነው። ሰፊ ጠፍጣፋ ሪባን ገመድና ባለአራት ሽቦ መሰኪያ አለው። የዚያ ጊዜ ዲስክ ልኩ ትንሽ ነው። 340 ሜጋባይት ቢሆን፣ ስልክሽ የሚያነሳው ፎቶ 4 ሜጋባይት ከሆነ 85 ፎቶ ብቻ ነው የሚይዘው። ለጽሑፍ ግን ሰፊ ሜዳ ነው። አንድ ገጽ አማርኛ 3 ኪሎባይት ገደማ ቢይዝ፣ 400 ገጽ አንዲት 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ላይ ያልቃል። አየሽ፣ ስለዚህ ነው ስድስቱ ፍሎፒ ደስ ያለኝ። መምህር የሆነ ሰው፣ መብራት እየሄደ እየመጣ የሚሠራ ሰው፣ ቅጂ ሳያስቀር አይቀርም።

ዲስኩን አባትሽ ማሽን ላይ አናስነሳውም። የማሽኑን ጤና ገና አላወቅንም። ፈትተን ሌላ ጤነኛ ማሽን ላይ ነው የምናነበው። በዩኤስቢ የሚሰኩ መለወጫዎች በየሱቁ አሉ። ብዙዎቹ ግን ይህን ያህል ያረጀ ዲስክ አያውቁትም፤ ይሰካል፣ ይዞራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ያኔ ሰው «ሞቷል» ይላል። ከዚህ የሚሻለው የድሮ ኢንተርኔት ቤት ፔንቲየም 4 ነው። ለዚህ ዓይነት ዲስክ የሚሆን መሰኪያ ማዘርቦርዱ ላይ አለው። እኔ አንድ ለዚሁ ብዬ ያስቀመጥኩት አለኝ። በዊንዶውስ አላስነሳውም፤ ዊንዶውስ ዲስክ ሲያይ ሳይጠየቅ አንድ ነገር መጻፍ ይወዳል። ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ አስነሳና ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ፋይል አድርጌ እቀዳዋለሁ። መጀመሪያ ደህናውን ይቀዳል፤ የታመመው ቦታ ላይ ሳይደርቅ አልፎት ይሄዳል፣ ቆይቶ ይመለስበታል። ከዚያ በኋላ የምንፈልገውን ሁሉ የምንሠራው በቅጂው ላይ ነው። ዋናው ዲስክ ወደ ጨርቁ ይመለሳል።

ሲነሳ ጆሮሽን አቅርቢ። መጀመሪያ ዉዉዉ እያለ ከፍ የሚል ድምፅ አለ፤ እሱ ጤና ነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ከደጋገመ ወዲያው ይጠፋል። ድምፅ ከሌለው የሚያነበው ጭንቅላት ዲስኩ ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ የዚያ ዘመን ዲስኮች የሚታወቁበት በሽታ ነው። በምንም ዓይነት ግን አይከፈትም። ጭንቅላቱ ከዲስኩ በላይ የሚንሳፈፈው ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ባነሰ ክፍተት ነው። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለሱ ድንጋይ ናት። «ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው» የሚልሽ አይጠፋም። አትስሚው፤ ስታወጪው ላቡ ውስጡ ይቀራል።

ጭንቅላቱን የሚያንሳፍፈው አየር ነው። ስለዚህ ብዙ ዲስኮች ከ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ በላይ እንዳይሠሩ ተብሎ ይጻፍባቸዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነች ያልፋል። ጦሳ ጫፍ ላይ ኮምፒውተር ቤት ልክፈት የሚል ካለ ግን ያስብበት።

ጽሑፉ ተገኘ እንበል። እዚህ ላይ ሁለተኛ ድንጋጤ ይመጣል። ፋይሉን ስትከፍቺው መንዙማ አይደለም የሚታይሽ፤ የላቲን ፊደልና ነጠብጣብ ዝብርቅርቅ ነው። ስንቱ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የአባቱን ሥራ የጣለው እዚህ ጋ ነው።

አልተበላሸም። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ቁጥር ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩ አማርኛ የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ነው፤ ሁሉም ደግሞ ለፊደል አይሆንም። የኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ዲቃላው፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመር አይበቃም። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ብልሃት ፈጠሩ። በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ የግዕዝ ሥዕል አስቀመጡ። አንዳንዱ ፊደላቱን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈላቸው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጨዋታው ፈረሰ። እያንዳንዱ ሠሪ ደግሞ የየራሱን አደራደር ነበር የሚከተለው፤ የቪዥዋል ግዕዝ ጽሑፍ በፓወር ግዕዝ ፎንት አይነበብም።

ስለዚህ ከዲስኩ ላይ ሰነዶቹን ብቻ አናነሳም፤ ፎንቶቹንም እናነሳለን። ዊንዶውስ 3.1 ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሲስተም በሚለው ነው። ዊንዶውስ 95 ከሆነ ፎንትስ የሚል የራሱ ፎልደር አለው። ፎንቶቹን አሁን ባለው ኮምፒውተር ላይ ጭነን፣ ሰነዱን በሊብሬኦፊስ ከፍተን፣ ያንኑ ፎንት ስንሰጠው ፊደሉ ብቅ ይላል። ይህችን ቅጽበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ወላሂ አልሰለቸችኝም። መጀመሪያ በፒዲኤፍ እናስቀምጠዋለን፤ እሱ እንደ ፎቶ ነው፣ አይለወጥም። ቀጥሎ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይቻላል፤ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ይሳሳታሉ። መንዙማ ደግሞ ዓረብኛው ከአማርኛው የተጋባ ነው። አንድ ፊደል ስትዛነፍ ትርጉሙ ይሄዳል። መንዙማ የሚያውቅ ሽማግሌ አጠገብሽ አስቀምጠሽ፣ ድምፅ አውጥተሽ እያነበብሽ አርሚው። የአባትሽ ጓደኞች ካሉ ከነሱ የተሻለ የለም።

ፍሎፒዎቹን በአጭሩ። የብረቷን በር በጣትሽ ገፋ አድርጊና ጥቁሩን ፊልም በብርሃን እዪው። ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ካለበት ሻጋታ ነው፤ አትክተቺው። ሻጋታው ማንበቢያውን ያቆሽሽና የሚቀጥለውን ፍሎፒ ይፍቀዋል። ንጹሕ የሆኑትን በዩኤስቢ ፍሎፒ ማንበብ ይቻላል። ከመክተትሽ በፊት ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ቀዳዳው እንዲከፈት አድርገሽ ግፊያት፤ ያኔ ማንም ሊጽፍበት አይችልም።

ካሴቶቹ ላይ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ካለ፣ በኔ ግምት ከኮምፒውተሩ የማይተናነስ ሀብት ነው። ከላይ በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሪያቸው፤ ከዚያ ሰው በስህተት ሪከርድ ቢጫን አይሠራም። የቤታችሁን አሮጌ ቴፕ ግን አትመኚው። ላስቲኩ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሆኖ ይሆናል፤ ካሴቱን ይበላዋል። መጀመሪያ በእስክሪብቶ ትንሽ አዙረሽ የሚንቀሳቀስ መሆኑን እዪ። የቀረውን አብረን እናየዋለን።

ማሽኑ ራሱስ? ጽሑፉ ከተቀዳ በኋላ እናስነሳዋለን፤ ለምን አናስነሳም? አጭር አንድ ጢጥ ካለ ደስታ ነው። ሰዓቱን 1980 ሊልሽ ይችላል፤ አትደንግጪ፣ ባትሪ የለውም። ስክሪኑ አልበራ ካለ ውስጡን አትንኩ፤ ከ20,000 ቮልት በላይ የሚይዝ ቦታ አለው። የመሥሪያ ቤት ጠፍጣፋ ስክሪን ያው ባለ15 እግር ቪጂኤ መሰኪያ ካለው ይሠራል፤ መሰኪያው እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አልተለወጠም። «ሃርድ ዲስክ የለም» ካለሽ ዲስኩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ልኩን ይነግርሻል። የሲሊንደር፣ የሄድና የሴክተር ቁጥሮች አሉ። እነሱን ነው የምንሞላው። በግምት የሞላው ምን እንደደረሰበት ነግሬሻለሁ።

በነገራችን ላይ 486 የሚባለው ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ አንጎል ማለት ነው፣ ትንሽ ዕቃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ 1.2 ሚሊዮን ትራንዚስተር ነበረው። ለቤት ኮምፒውተር ካረጀ በኋላም ለፋብሪካ ማሽኖች ሲመረት ቆየ። ኢንቴል ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ እኛ ሚሊኒየም ባከበርንበት ዓመት።

ቢጫ የሆነውን ፕላስቲክ በፐርኦክሳይድና በፀሐይ የሚያነጡት አሉ። እኔ አልወደውም። ጽዳት በሳሙና ውሃና በጨርቅ ይበቃዋል።

ወደ እኔ ስትመጪ ሙሉውን ሳጥን አትሸከሚ። ዲስኩን፣ ፍሎፒዎቹንና ካሴቶቹን ብቻ አምጪ። ዲስኩን በፌስታል አትጠቅልይው፤ ፕላስቲክ ስታቲክ የሚባለውን ኤሌክትሪክ ይይዛል። በነጠላ ወይም በጋቢ ጠቅልለሽ ጭንሽ ላይ አድርጊው። ረዳቱ «ከላይ እንጫነው» ካለሽ እንቢ በይ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ቁልቁለቱና ጠመዝማዛው ለዲስክ ጥሩ አይደለም። ጠዋት ነይ፤ ማታ ማታ መብራት ስለሚወላገድ ቅጂ አልጀምርም።

እስከዚያው ዛሬ የምትሠሪው አንድ ነገር ነው። ሽፋኑን ክፈቺ፣ በርሜሏን ባትሪ ፈልጊና ፎቶ አንስተሽ ቁረጫት። እሷ አሁንም እያፈሰሰች ሊሆን ስለሚችል ለነገ አታሳድሪያት። ሌላው ይደርሳል።